የተኛው ደወል

«አባባ፣ ደወሉ እኮ አጠገብዎ ነበር። ታዲያ ለምን አልደወሉም?»

ሲስተር ይህን ሲጠይቁ በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ጎንበስ ብለው የሽማግሌውን የተሰነጠቀ ቅንድብ በጨው ውኃ በራሰ ፋሻ ይጠርጋሉ። ቀጮ ትሪ ይዛ ከጎናቸው ቆማለች። ትሪው ላይ ያሉት መቆንጠጫና መቀስ እየተነካኩ ቀጭን ድምፅ ሲያሰሙባት፣ ክርኗን ከጎኗ ጋር አጣበቀች።

 የሽማግሌው ግራ እጅ ትራስ ላይ ተጋድሞ ማበጥ ጀምሯል። በቀኝ እጃቸው አንሶላው ላይ ያለውን ደወል አንስተው ረጅሙን ገመድና ጫፉ ላይ ያለውን የሚጫኑት ነጭ ቁልፍ እያገላበጡ ይመለከታሉ፤ ዕቃውን ገና ዛሬ ያዩት ይመስል።

«ፈልጌው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ፈልጌ ያጣሁት መሰለኝ።»

«እዚሁ አንሶላው ላይ ነበር እኮ፣ አባባ» አለች ድምቡሼ ከበሩ በኩል። «እኔ ስደርስ ከጎንዎ ነበር።»

ቀጮ አንገቷን ሳታዞር ዓይኗን ብቻ ወደ ጓደኛዋ ላከች። ድምቡሼ አላየቻትም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

«እንግዲህ እንዲያ ከሆነ...» አሉ ሽማግሌው፤ ንግግራቸውን ሳይጨርሱት ደወሉን ቀስ አድርገው አንሶላው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

ሽማግሌው ከአልጋቸው ወርደው ሲወድቁ ግን ደወሉ አንሶላው ላይ አልነበረም። ይህን የሚያውቁት ቀጮና ድምቡሼ ብቻ ነበሩ።

ቀጮና ድምቡሼ የሚሉት ስሞች የወጡላቸው የረዳት ነርስነት ሥልጠናቸውን በጀመሩበት ቀን ነው። አልጋ አነጣጠፍ ለመለማመድ ሁለት ሁለት ሆነው ሲመደቡ፣ አንሶላውን በአንድ በኩል የያዘችው ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል፣ በሌላ በኩል የያዘችው ደግሞ ጉንጯ ቆንጥጡኝ የሚል ሆነው ተገኙ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተረበኛ ስሙን ጮክ ብሎ አወጣላቸው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ እንደ ሙጫ ተጣብቆባቸው ቀረ። ከጊዜ በኋላ ሕመምተኞቹም ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሯቸው ጀመር።

ከሕመምተኞቹ መካከል ስሞቹን በጣም የወደዷቸው እኚህ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሆስፒታል በገቡበት ዕለት የሁለቱን ልጆች ነጭ ጋውን ከላይ እስከ ታች ቃኝተው፣ «አንቺ ቀጮ፣ ይህ ጋውን የሰው ነው፤ የተዋስሽውን ሰው መልሺለት። ትከሻው ሁለት ጣት ይተርፍሻል» አሉ። ወደ ድምቡሼ ዞረው ደግሞ፣ «ያንቺ ቁልፎች ምሕረት እየለመኑ ነው፤ አልሰማሽም?» አሏት።

«አባባ፣ ሳይለኩ እንዴት አወቁ?» አለች ድምቡሼ እየሳቀች።

«ሜትር የሚይዘው ዓይኑን የማያምን ሰው ነው። የሠርጉን ሱፍ የሰፋሁለት ሰው ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ያኔ ወገቡ ስንት እንደነበር ብትጠይቂኝ ግን አሁንም እነግርሻለሁ። እሱ ራሱ ይክዳል እንጂ።»

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ዘመናቸውን ሁሉ በዓይናቸውና በማስታወስ ችሎታቸው እንጀራ የበሉ፣ ሚስታቸው ካረፉም በኋላ ከሱቃቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ።

ነገር ግን ደወል ያበዛሉ። እግራቸው ውኃ እየቋጠረ ስላስቸገራቸው ሐኪሙ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት አዞላቸዋል፤ በቁስለኛው እግራቸው ደግሞ ብቻቸውን እንዳይቆሙ ተከልክለዋል። ስለዚህ ይደውላሉ። ቀጮ የሽንት ዕቃውን ይዛ ትሄዳለች፤ ታቀርብላቸዋለች፤ አጥባ ትመልሳለች፤ እጇን ታጥባ ሳትጨርስ ደወሉ እንደገና ይጮኻል። መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ በክፍል ተምራለች፤ በፈተናም ላይ በትክክል መልሳዋለች። ሆኖም ዕውቀቱ ደብተሯ ላይ ነበረ እንጂ፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ በደከመው እግሯ ውስጥ አልነበረም።

በተማሪዎቹ ዘንድ «ደወል ማስተኛት» የሚባል ነገር አለ። በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከበላይ ተማሪዎች ወደ አዲሶቹ በሹክሹክታ የሚወርድ ነው። ሕመምተኛው ሲያንቀላፋ የደወሉን ገመድ ቀስ አድርጎ ማንሳት፣ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ባለው ማንጠልጠያ ላይ ማድረግ፣ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ማረፍ ነው። አንዷ «የአባባን አስተኛሁት» ያለች እንደሆነ የሚሰማት ይገባዋል። ሁሉም «ለትንሽ ጊዜ» እያለ ያደርገዋል፤ ሁሉም ሕመምተኛው ሳይነቃ መልሶት ያውቃል። አሠልጣኛቸው ሲስተር ግን በመጀመሪያው የልምምድ ቀን እንዲህ ብለዋቸው ነበር፦ «ከሕመምተኛ ክፍል ስትወጡ የመጨረሻ የምታዩት እጁን ነው። እጁ ደወሉን ካልያዘ ሥራችሁን አልጨረሳችሁም።»

ሽማግሌው በወደቁበት ቀን ድምቡሼ በበሩ ብቅ ብላ በጣቷ ጠራቻት። በማግሥቱ የሰውነት አስተጣጠብ የተግባር ፈተና ነበረባቸው፤ አንሶላ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቅደም ተከተሉን አብረው ሊከልሱ ተቀጣጥረዋል።

«ኧረ ነዪ፣ ጊዜ የለንም። አስተኚውና ነዪ።»

ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን ከድነው ነበር። ቀጮ ደወሉን ከመዳፋቸው ስትመዝ ጣቶቻቸው በእንቅልፍ ልብ ገመዱን ለቀም አድርገው ያዙት። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ አስለቀቀቻቸው። ከዚያም ሰቀለችው።

ሳይነቁ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። ነገር ግን ገና ክለሳውን እንደጀመሩ ከሌላ ክፍል አንዲት ሕመምተኛ አስታውካ ቀጮ ተጠራች፤ ልብስ ቀየረች፣ ወለል ወለወለች፣ ባልዲ ተሸክማ ሄደች። ደወሉን ረሳችው። ያስታወሰችው ከልብስ ሰፊው ክፍል አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ በሰማች ጊዜ ነው።

ቀድማ የደረሰችው ድምቡሼ ነበረች። ቀጮ ሮጣ በሩ ላይ ስትቆም ሽማግሌው ወለሉ ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ የሌሊት ልብሳቸው ረጥቧል፤ ድምቡሼ ደግሞ በጣቷ ጫፍ ቆማ ደወሉን ከማንጠልጠያው ላይ እያወረደች ነበር። አንሶላው ላይ ጣል አደረገችው። ከዚያ በኋላ ነው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሲስተር፣ አባባ ወደቁ» ያለችው።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለቻት በኋላ፣ መታጠቢያው አጠገብ፣ ሁለቱም እጃቸውን ሲታጠቡ። ቀጮ «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣም።

ያን ቀን ማታ እናቷ ጋውኗን እየተኮሱ የዘወትር ቀልዳቸውን ጠየቋት። «እሺ፣ ዛሬ ስንት ሰው አዳናችሁ?»

ቀጮ ሳህኗ ውስጥ ያለውን በማንኪያ ከወዲህ ወዲያ ታንከባልላለች።

«ምነው፣ ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?»

«አንድ ሽማግሌ ወደቁብን።»

«ውይ» አሉ እናቷ፤ ካውያውን አቆሙት። «ተጎዱ?»

«ቅንድባቸው ተሰንጥቋል። እጃቸውም ራጅ ተነሥቶ ተሰብሯል ተባለ። ግራ እጃቸው ነው።»

«ማን ጣላቸው?» አለ ታናሽ ወንድሟ፣ የቤት ሥራውን ሳይተው።

«ሽማግሌ ሰው ማንም ሳይጥለው ይወድቃል» አሉ እናቷ። «ሴት አያትሽ እንዴት እንደነበሩ ረሳሽው? እናንተ ምን ታደርጋላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ እጁን ይዛችሁ አትውሉ።» ካውያውን መልሰው የጋውኑን እጅጌ እስከ ጫፉ አለሰለሱት። ቀጮ ለእናቷ ማጽናኛ አንገቷን ነቀነቀች፤ ምግቧንም ለወንድሟ ገፋችለት።

በማግሥቱ ጠዋት ፈተናው ተሰጠ። የሚታጠበው ሕመምተኛ ፀጉር የሌለው፣ ዓይኑ የማይከደን የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበር። ቀጮ ውኃውን በክርኗ ሞከረች፤ መጋረጃውን ሳበች፤ የማታጥበውን የሰውነት ክፍል ሸፈነች፤ ማን እንደሆነችና ምን ልታደርግ እንደሆነ ለአሻንጉሊቱ ነገረችው። ስትጨርስ አልጋውን ዝቅ አደረገች፤ የመንኮራኩሩን ማቆሚያ በእግሯ ረግጣ አረጋገጠች። ከዚያም ደወሉን አንስታ የፕላስቲኩን ጣቶች እየከፈተች መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለትና፣ «ከመሄዴ በፊት የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«አያችሁ?» አሉ ሲስተር ወደ ቀሩት ተማሪዎች ዞረው። «እስካሁን ከተፈተናችሁት ውስጥ ደወሉን እጁ ላይ ያደረገችለት እሷ ብቻ ናት። ነርስ ማለት እንዲህ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። የቀጮ ፊት ጋለ። ድምቡሼ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ ቀረች።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ቀጮ የልብስ ሰፊውን ሙቀት ልትለካ ሄደች። ግራ እጃቸው በጀሶ ተጠቅልሎ አንገታቸው ላይ በተንጠለጠለ ጨርቅ ታቅፏል። ሴት ልጃቸው አልጋው ግርጌ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣች፣ ዓይኗ ሥር በድካም የጠቆረ ሴት ናት።

«አባዬ፣ አልተቆጣሁህም» ትላለች። «ፈርቼ ነው። ባለፈው ካውያውን ሳታጠፋ ተኛህ። አሁን ደግሞ ደወል ከጎንህ ተቀምጦ ሳትጫነው ተነሥተህ ወደቅህ። ብቻህን ባለህበት ቢሆንስ? ማን ያነሣህ ነበር?»

«ካውያው አንድ ጊዜ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ካውያ የማይረሳ ልብስ ሰፊ የለም።»

«ደወሉስ?»

ሽማግሌው የጀሶውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። ልጃቸው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሱቁን ያከራየህን ሰው አነጋግሬዋለሁ። ነገ ከሰዓት ሊረከበን ተስማምቷል። የልጆቹን ክፍል አስለቅቄልሃለሁ። ሐኪሙም የማስታወስ ችሎታህን እመረምራለሁ ብሏል። ቁልፉን ስጠኝ፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አላዩም፤ ቀጮን አዩ። የሙቀት መለኪያውን ከብብታቸው እያወጣች ነበር።

«ልጄ» አሉ፤ ቀጮም ድምቡሼም አላሉም። «ትናንት አንቺ ነበርሽ ያለሽው። እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ደወሉ አጠገቤ ነበር?»

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር በቀጮ ራስ ውስጥ በአንድ ጊዜ ገባ፦ የሲስተር ምስጋና፣ የእናቷ ካውያ፣ ድምቡሼ በጣቷ ጫፍ ቆማ። አፏ ከእሷ ቀድሞ መለሰ።

«አዎ፣ አባባ። አጠገብዎ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። በእሳቸው ዓይን ውስጥ ጥርጣሬ ብታይ ይሻላት ነበር። ያየችው ግን ማመናቸውን ነው።

«እንግዲያው ልጄ እውነቷን ነው» አሉ። ጤነኛ እጃቸውን ከትራሱ ሥር አስገብተው በስፌት ክር የታሰረ ቁልፍ አወጡና ለልጃቸው ዘረጉላት። «ውሰጂው። ደህና ሰፊ መቼ መተው እንዳለበት ያውቃል። የግራጫው ኮት ባለቤት ከመጣ ኮቱ ከመስኮቱ አጠገብ ነው በይው። ወይም... ከመስኮቱ አጠገብ ይመስለኛል። አንቺው ፈልጊው።»

ልጃቸው ቁልፉን ተቀብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀጮ የሙቀቱን ልክ አየች፤ ሳታነበው ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ምን ያህል እንደነበረ ማስታወስ አቃታት። ተመልሳ እንደገና ለመለካት ግን ድፍረቱ አልነበራትም፤ ሌላ ተማሪ ለምና ላከች።

ሁለቱ ጓደኛሞች በሦስተኛው ቀን አንሶላ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ድምቡሼ የትራስ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ልነግራቸው ነው» አለች ቀጮ።

ድምቡሼ የያዘችውን የትራስ ልብስ አላስቀመጠችም። «ለማን?»

«ለአባባ። ከዚያም ለሲስተር።»

«አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ?» በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «እጃቸው ጀሶ ተደርጎለታል፤ ይድናል። አንቺ ሄደሽ ብትቀባጥሪ አጥንቱ ቶሎ ይገጥማል?»

«ሱቃቸውን ዛሬ ሊያስረክቡባቸው ነው። አእምሯቸው የከዳቸው መስሏቸዋል።»

«ልጃቸው ዘንድ ተቀምጠው ቢጦሩ ምን ክፋት አለው? እንዲያውም ይመቻቸዋል። ምግብ አለ፣ የልጅ ልጅ አለ። እኔን ማን በጦረኝ።»

ቀጮ ይህን ሐሳብ ለአፍታ ወደደችው። ሞቅ ያለ ቤት፣ የሚሯሯጡ ሕፃናት፣ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ። ነገሩ ሁሉ በጎ ይመስላል። ከዚያ ግን «ይመስለኛል፤ አንቺው ፈልጊው» ሲሉ የሰማችው ድምፅ ትዝ አላት።

«ጠየቁኝ» አለች። «ፊት ለፊት ጠየቁኝ። ዋሸኋቸው።»

ድምቡሼ የያዘችውን የትራስ ልብስ አጥፋ ደረበችው። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ «ባለፈው በማርፈዴ ማስጠንቀቂያ እንዳለብኝ ታውቂያለሽ» አለች። «አንድ ነገር ቢጨመርብኝ ጋውኔን አስወልቀው ነው የሚሸኙኝ። አባቴ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነግሬሻለሁ። እኔ ያን ደወል ያወረድኩት ለራሴ አይደለም፣ ቀጮ። ስለ ራስሽ ስትናገሪ ስለ እኔም እየተናገርሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

 ድምቡሼ ለቀጮ ሳትጠራ ደርሳላታለች፤ ሳትጠየቅ ዋሽታላታለች። ይህን ያደረገላት ሰው የለም። አንዱን ብታድን ሌላዋን የምትጥል መሰላት፤ ዝም ብትል ደግሞ ሁለቱንም እንዳልጣለች ለራሷ ማሳመን አልቻለችም። የታጠፉትን የትራስ ልብሶች ትክ ብላ አየች፤ ከዚያም በሩን ከፈተች። ድምቡሼ አልጠራቻትም።

የመጠየቂያ ሰዓት ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ የአባቷን ልብስ ወደ ቦርሳ እያስገባች ነው፤ ሱቁን ለማስረከብ ከዚህ በቀጥታ እንደምትሄድ ለአባቷ ትነግራቸዋለች። ልብስ ሰፊው «እሺ» ይላሉ፤ ለሁሉም «እሺ»። በዚያን ዕለት የማንንም ጋውን አልተቹም።

ቀጮ ትንሿን በርጩማ ስባ ከአልጋው ጎን ተቀመጠች። ከሕመምተኛ ጋር ቁም ነገር የሚነጋገር ሰው ከላይ ወደ ታች እያየ እንዳይናገር ተምራለች። ስትቀመጥ ዓይኖቻቸው ትክክል ሆኑ፤ እንዲህ ቀርበው እንዲያዩዋት ግን ፈጽሞ አልፈለገችም።

«አባባ፣ ትናንት የጠየቁኝን በትክክል አልመለስኩም።» ወደ ልጃቸው ቀና አለች። «እርስዎም ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።»

ሴትየዋ በእጇ የያዘችውን ሸሚዝ እንደያዘች ቆመች።

«ደወሉ እጅዎ ላይ አልነበረም» አለች ቀጮ። «አንሶላው ላይም አልነበረም። ከራስጌዎ ጀርባ፣ እዚያ ማንጠልጠያው ላይ ነበር። የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለች ልጃቸው።

«ቶሎ ቶሎ ስለሚደውሉ። አንቀላፍተው ነበር። ሳይነቁ እመለሳለሁ ብዬ...»

«ቶሎ ቶሎ የሚደውለው እናንተው በምትሰጡት መድኃኒት አይደለም እንዴ?»

«አዎ። እሱን አውቅ ነበር።»

 ልብስ ሰፊው አንገታቸውን በጭንቅ ወደ ኋላ አዙረው ማንጠልጠያውን ተመለከቱ። ከአልጋው እስከዚያ ያለውን ርቀት በዓይናቸው ሲለኩት ቀጮ አየች።

«ዳስሼ ነበር» አሉ ወደ ማንም ሳያዩ። «ከትራሱ ሥር። ከጎኔ። በፍራሹና በብረቱ መካከል ሳይቀር እጄን አስገብቼ ዳስሻለሁ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«መጮህ አፍሬ ነው። እንደ ሕፃን አልጋዬ ላይ ከምሸና ብዬ ተነሣሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ደወሉን ሰቀልሽው፤ እሺ። ልጅ ነሽ፣ ደክሞሻል፣ ረሳሽው። ትናንት ስጠይቅሽስ?»

ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር፤ መንገዱን ሁሉ መልስ ስታዘጋጅለት ነበር። አሁን ከተዘጋጀው ውስጥ አንዱም ለዚህ ፊት የሚቀርብ ሆኖ አልተገኘም።

«ፈራሁ» አለች።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አሉ ልብስ ሰፊው። «ሌሊቱን ሁሉ የሱቅ ጎረቤቶቼን ስም በተራ እየጠራሁ፣ የልጄን እናት ድምፅ ለማስታወስ እየሞከርኩ፣ ሌላስ ምን ጠፍቶብኝ ይሆን እያልኩ ነው ያነጋሁት።»

ልጃቸው ሸሚዙን ለቀቀችውና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ» አለች።

ቀጮ ይቅር ብዬሻለሁ እስኪሏት እየጠበቀች እንደሆነ የገባት ዘግይቶ ነው። እሳቸው አላሉም። ፊታቸው ላይ ያየችው ደስታ አልነበረም፤ ቁጣም ብቻ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ሸክም ተሸክሞ ያወረደ ሰው ትከሻውን ገና እንዳላመነው ዓይነት ነበር።

«ሌላይቱ ልጅ አንሶላው ላይ አየሁት ብላ ነበር እኮ» አለች ሴትየዋ በድንገት።

«እኔ የመጣሁት የራሴን ልነግራችሁ ነው» አለች ቀጮ።

ልብስ ሰፊው ጤነኛ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ልጃቸውን አስቆሙ። «አሁን ሂጂ» አሉ ቀጮን። «ከልጄ ጋር የምንነጋገረው አለን። ዛሬ ማንም ምንም አያስረክብም።» ቀጮ ተነሥታ በርጩማውን ወደ ቦታው ስትመልስ፣ ወደ እሷ ሳያዩ ጨመሩ፦ «ይህን ለሌላ ሰው መናገር እንዳለብሽ ታውቂያለሽ መሰለኝ።»

«አዎ፣ አባባ።»

የሲስተር ቢሮ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ድምቡሼ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች ቀጮ አልጠየቀቻትም።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«የኔንም?»

«የኔን ብቻ።» ቀጮ ጋውኗን ሳብ አድርጋ አስተካከለች። «ግን ሲስተር ይጠይቁኛል። ማን አወረደው ይሉኛል።»

«ምን ልትዪ ነው?»

«አልዋሽም። ትናንት አንዴ ዋሽቼ ምን እንዳደረግኩ አይቻለሁ።» ወደ ቢሮው በር አየች። «ቅድሚያውን ላንቺ ብተው ይሻለኛል። ካንቺ አፍ ቢሰሙት ሌላ ነው። ባትመጪም... ባትመጪም ጓደኛዬ ነሽ፤ ከጠየቁኝ ግን እናገራለሁ።»

ድምቡሼ እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። «አንቺ ደግሞ ቀጥ ያልሽ ነገር ነሽ» አለች፤ ስድብ ይሁን ሌላ ነገር ከድምፅዋ አልለየም። ከግድግዳው ግን አልተነሣችም።

ቀጮ በሩን አንኳኳች። «ይግቡ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ገባች። ሲስተር ከሚያነቡት ወረቀት ላይ ቀና አሉ፤ ፈገግ አሉላት፤ የትናንቱ ምስጋና ገና ፊታቸው ላይ ነበር።

«ነዪ፣ ተቀመጪ። በሩን ዝጊው፣ የኮሪደሩ ጫጫታ ያስቸግረናል።»

ቀጮ አልተቀመጠችም። ወደ በሩ ዞር ብላ አየችው፤ እጇንም እጀታው ላይ አሳረፈች። ከዚያም ለቀቀችው።

«ፈቃድዎ ከሆነ ትንሽ ክፍት ይቆይ፣ ሲስተር» አለች። «የሚገባ ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ልጀምር።»